በሩ ላይ የቆመው እንግሊዛዊ

በእስራኤሏ ከተማ በቤር ሼቫ ዝናብ ሊጥል ሲል ቀድሞ የሚደርሰው አቧራው ነው፤ ከበረሃው ተነሥቶ፣ በመስኮት ክፍተት ሾልኮ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ያ ሽታ መንገድ ላይ ድንገት ያዘኝና፣ ካጠገቤ ካለው ኪዮስክ የፈንዲሻ ሽታ ደግሞ ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ ዕቃዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። ሌላው ሰው እርጥብ አቧራና ፈንዲሻ ሲሸተው ምን እንደሚያስታውስ አላውቅም፤ እኔን ትዝ የሚለኝ እንግሊዝ አገር ነው። እንግሊዝን በእግሬ ረግጫት አላውቅም፤ ነገር ግን ልጅ ሆኜ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሄድባት ነበር።

አባዬ በእነዚያ ዓመታት፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በከተማችን አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ውስጥ በጽዳት ይሠራ ነበር። እሱና እማዬ ታላቅ እኅቴን ጥሩወርቅን ይዘው በዘጠና አንዱ አውሮፕላን ከኢትዮጵያ የመጡ ሲሆን፣ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያደግኩ ነኝ። የሲኒማ ቤቷ ሥራ አስኪያጅ ነፍሷ የእንግሊዝ ፊልም ስለነበር፣ ሌሎቹ ሲኒማ ቤቶች የአሜሪካ ተኩስ ሲያሳዩ እሷ ዓለም ያጨበጨበላቸውንና የተሸለሙትን የእንግሊዝ ፊልሞች እያስመጣች፣ ለጡረተኞች፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለእኛ ታሳይ ነበር። ለእኛ ማለቴ፣ «ወንበር ከተረፈ ቤተሰብህን አስገባ» ብላ ለአባዬ ፈቅዳለት ስለነበር ነው። ወንበር መትረፉ የሚታወቀው ደግሞ ፊልሙ ተጀምሮ፣ የሚያረፍድ ሰው ሁሉ አርፍዶ ከገባ በኋላ ነበርና፣ እኛ ደጅ ቆመን፣ አባዬም የመግቢያውን ወለል ወልውሎ ሲጨርስ ባትሪውን አብርቶ በጨለማው ውስጥ እየመራን ኋለኛው ረድፍ ላይ ያስቀምጠን ነበር።

በዚህ ምክንያት በልጅነቴ የአንድም የእንግሊዝ ፊልም መጀመሪያ አይቼ አላውቅም። ስንገባ ሰዎቹ ሁሌም ተጣልተው፣ ወይ ተዋደው፣ ወይ አንድ ሰው ሞቶባቸው ነው የምንደርስባቸው። መጀመሪያውን የምትሞላልን እማዬ ነበረች፤ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ሰዎቹን አንድ በአንድ ካየቻቸው በኋላ፣ «ይኼ ወንድሟ ነው፣ ርስት ተካክደው ነው፣ እናታቸው ያችኛዋ ናት» ብላ ታውጅና ክርክሩ በዚያው ይዘጋ ነበር።

በብርዱ ወራት፣ የሲኒማ ቤቷ ማሞቂያ እየተንኳኳ ሲሠራ፣ መቶ መስኮት ያላቸውን የድንጋይ ቤቶች፣ ጭጋግ የዋጣቸውን መርከቦች፣ ደግሞም የከሰል ጉድጓዳቸው ተዘግቶባቸው ግድግዳ ተደግፈው የሚቆሙ ሠራተኞችን አየን። አባዬ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ እነዚህን ሠራተኞች ይወዳቸው ነበር። እሱም መጀመሪያ የተቀጠረበት ፋብሪካ ተዘግቶ ተሰናብቶ ያውቅ ስለነበር፣ ሰዎቹ ዝም ተባብለው ሲተያዩ ወደ እኛ ጎንበስ ይልና፣ «እኛም ያን ቀን እንዲህ ነው የተያየነው» ይለን ነበር። ከታች የሚሮጠውን የዕብራይስጥ ጽሑፍ ማንበብ አይደርስበትም፤ እንግሊዝኛውንም አይሰማም፤ ግን ፊት ያነባል። አንድ ሰውዬ የሻይ ስኒውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖር፣ አባዬ ሰውዬው ልቡ እንደተሰበረ ያውቅ ነበር፤ እውነትም ተሰብሮ ይገኛል። «እነዚህ እንግሊዞች እንደኛው ናቸው፤ ሆድ ይፍጀው ብለው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው» ይል ነበር። ዛሬ ብዙ ፊልም ካየሁ በኋላ እንኳ ከዚህ የተሻለ አስተያየት የሰጠ ሰው አልገጠመኝም።

የዚህ አገር በጋ ሲገባ፣ ቤታችን እንደ ምድጃ ሲግል፣ የሲኒማ ቤቷ ቀዝቃዛ አየር ጎረቤቶቻችንን ሁሉ የፊልም አፍቃሪ አደረጋቸው። ያኔ እማዬ አንድ ነገር አስተዋለች፤ የእንግሊዝ ፊልም ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ እየዞሩ የሚመጡትም እነዚያው ናቸው። በተለይ አንዲት ቀጠን ያለች ባልቴት ነበረች። በሰኔ ንግሥት ሆና አይተናት፣ በሐምሌ ሰው ቤት ሳህን ስታጥብ ብናገኛት እማዬ አፏን ይዛ፣ «ወይ ዘመን! ያች ንግሥት እዚህ ደረሰች?» አለች። አባዬ ትወና መሆኑን ሊያስረዳት ሲሞክር፣ «አውቃለሁ እኮ፤ ማወቄ ማዘኔን ይከለክለኛል?» ብላ አፉን አስያዘችው። ከዚያ በኋላ ያች ሴት በመጣች ቁጥር ኋለኛው ረድፍ ሁሉ፣ «መጣች፣ መጣች፣ እግዜር ይመስገን ደህና ናት» እያለ ይንሾካሾክ ነበር።

ከበዓላቱ በኋላ፣ የሲግድን በዓል ኢየሩሳሌም አክብረን በተመለስንበት ሰሞን፣ ያ ፊልም መጣ። አንድ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው በዝናብ ውስጥ ረጅም ሜዳ አቋርጦ፣ ወደ አንድ ትልቅ ቤት ደርሶ በሩን ያንኳኳል፤ የሚወዳት ልጅ አባት ይከፍትለታል፤ ሰውዬው ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ውኃው በፊቱ ይወርዳል፣ ልጅቷን ለማግባት ይጠይቃል፤ አባትየውም ጥቂት ተናግሮ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋበታል። ሰውዬው በተዘጋው በር ፊት እንደቆመ ይቆያል፤ ካሜራውም እሱን ትቶ አይሄድም። እንዲህ ያለ ድፍረት ያለው ፊልም እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ አንድ የቆመ ሰው ከማሳየት በቀር ምንም ሳያደርጉ ያን ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ማስዋጥ ቀላል ጥበብ አይደለም። ሕዝቡ ስለወደደው ፊልሙ እስከ ክረምቱ አጋማሽ፣ ማለትም እስከዚህ አገር የዝናብ ወራት፣ ከሲኒማ ቤቷ አልወረደም። አባዬም ያ ቦታ ሲደርስ መጥረጊያውን ይዞ መተላለፊያው ላይ ይቆምና፣ ሰው አያየኝም ብሎ፣ በእጅጌው ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

የሚያየው ሰው ግን ነበር። ከኋላችን ከፍ ብሎ፣ ብርሃኑ ከሚወጣበት ትንሽ መስኮት ጀርባ፣ ፊልሙን የሚያጫውተው ዳንኤል የሚባል ወጣት ይቀመጥ ነበር። ከእኛው ወገን ነው፤ ሆኖም በሕፃንነቱ በሱዳን በኩል የመጣና አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ በመሆኑ አማርኛው ተሰባብሮ፣ አባዬም ዕብራይስጡ ተሰባብሮ፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እየሠሩ «ሻሎም» ከመባባል አያልፉም ነበር። ዳንኤል ከጥሩወርቅ ጋር ግን ከሰላምታ አልፎ ነበር። ጥሩወርቅ የግዴታ ውትድርናዋን ጨርሳ መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበርና፣ ከሥራ ስትወጣ ወደ ሲኒማው እየመጣች፣ ከእኛ አጠገብ ተቀምጣ አንገቷን ወደ ኋላ ታዞር ነበር። እኔ አልጋዋ አጠገብ የምተኛ ሰላይ ስለነበርኩ ሁሉንም አውቃለሁ።

ልታገባው ትፈልጋለች። ዳንኤልን ሽማግሌ እንዲልክ ስትነግረው፣ «ማንን ልላክ?» አላት። እናትና አባቱ ሱዳን መንገድ ላይ ቀርተዋል፣ ያመጣችው አክስቱም አርፋለች። እሷም ይህን ለአባዬ አስቀድማ ለመናገር አፍራ ዝም ስትል፣ ዳንኤል ሌላ መላ አመጣ። ከዚያች መስኮት ሆኖ አባዬ የቱ ቦታ ላይ እንደሚያለቅስ በየምሽቱ አይቷል። «እንዲህ የሚያለቅስለትን ሰው ሆኜ ብቀርብ እንዴት እምቢ ይለኛል?» አለ። «ብቻዬን እመጣለሁ፣ በሩን አንኳኳለሁ፣ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ፣ ራሴ እጠይቀዋለሁ።» ጥሩወርቅም ፍቅር ያሞኛትና፣ «ናኾን፣ ልክ ነህ» አለችው። የቀራቸው ዝናቡ ብቻ ነበር።

ቤር ሼቫ ውስጥ ዝናብ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ዳንኤል ባርኔጣ ገዝቶ፣ ነጭ ሸሚዝ አስተኩሶ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ሳምንታት አለፉ። ደመናው ይመጣል፣ ያገሣል፣ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ጥሩወርቅ ሬዲዮው ስለ አየር ሁኔታ ሲያወራ ቤቱን ሁሉ ጸጥ ታሰኝ ስለነበር፣ እማዬ፣ «ይቺ ልጅ እርሻ አላት እንዴ?» እያለች ትገረም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አቧራው ተነሥቶ ሰማዩን ቢጫ ካደረገው በኋላ፣ ዝናቡ በዚያው አቧራ ላይ ወረደና ጭቃ ሆኖ ዘነበ። በራችን ተንኳኳ። አባዬ ሲከፍት፣ እኔም ከኋላው አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ ዳንኤል ባርኔጣውን በደረቱ ይዞ፣ ነጩ ሸሚዙ በጭቃ ነጠብጣብ እንደ ቆቅ ተዥጎርጉሮ ቆሟል። አባዬ መጀመሪያ ሲኒማ ቤቷ የተቃጠለች መሰለው።

«ሻሎም፣ አባባ» አለ ዳንኤል። «እኔ… ጥሩወርቅን ማግባት እፈልጋለሁ። ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

አባዬ ፊቱን አላየውም። በትከሻው አሻግሮ ደረጃውን ወደ ታች ተመለከተ። «ከማን ጋር ነው የመጣኸው?»

«ብቻዬን።»

«ሌሎቹስ ታች ናቸው?»

«ማንም የለም፣ አባባ።»

አባዬ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ልክ እንደ ፊልሙ ነበር፤ ልዩነቱ እዚህኛው በር ጀርባ ሆና የምትጮኽ ልጅ መኖሯ ነው። ጥሩወርቅ ከመኝታ ቤት ተወርውራ ወጥታ፣ «ዲ፣ አባ! በቃ! ፊልም ላይ ስታየው ታለቅሳለህ፣ ደጅህ ሲመጣ ትዘጋበታለህ?» አለችው። የእኛ ቤት ልጆች አባታችን ላይ እንዲህ ጮኸን አናውቅም ነበር፤ እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አባዬ ግን ከመቆጣት ይልቅ ግራ ገባው። «ያ ሌላ፣ ይኼ ሌላ! እኔ የማለቅሰው እኮ ለሰውዬው አዝኜ ነው። ያን የመሰለ ሰው፣ ከጦር ሜዳ የተረፈ ሰው፣ የሚልከው አባት አጥቶ፣ አጎት አጥቶ፣ ሌላው ቢቀር አንድ የጎረቤት ሽማግሌ አጥቶ፣ ለገዛ ራሱ ሊለምን በሰው ደጅ ሲቆም! ከዚህ የባሰ ብቸኝነት አለ? ይኼኛው ግን ናቀን። ቤታችን ሽማግሌ የማይላክበት ቤት ነው?»

የጥሩወርቅ ድምፅ ወረደ። «ዳንኤልም የለውም፣ አባ።»

«ምኑ?»

«የሚልከው ሰው።» ከዚያም የሱዳኑን መንገድና የአክስቱን ሞት፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ እያለቀሰች ነገረችው።

አባዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የተዘጋውን በር ማየት ጀመረ። በዚያች ሰዓት ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን ሲኒማው ጨለማ ውስጥ የማውቀው ነበር። ብድግ ብሎ ኮት እንኳ ሳይደርብ ደረጃውን ወረደ። በመስኮት ስናይ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ጥላ ሥር ዳንኤልን ደርሶበት፣ በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጡ እጁን እያወናጨፈ ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግረው ቆየ። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ እነሱ ያወራሉ። አባዬ በስብሶ ሲመለስ፣ «ፎጣ ስጡኝ» ብቻ አለ።

በኋላ እንደገባን፣ የጠየቀው የዘሩን ነገር ነበር። በእኛ ወግ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ ዘር ከተገናኘ ጋብቻ የለም። ዳንኤል የሚያውቀው የአባቱንና የአያቱን ስም፣ ደግሞ የአንድ መንደር ስም ብቻ ነበር። አባዬ ያችን ይዞ፣ ከሥራ መልስ እኔን አስከትሎ፣ አዛውንት ያሉበትን ቤት ሁሉ ማንኳኳት ጀመረ። ሽኩና ሄ የሚባለውን ሰፈር ጨርሰን ሽኩና ቫቭ ገባን። አንዳንዱ መንደሩን ያውቃል፣ ሰውን አያውቅም፤ አንዳንዱ ደግሞ ሻይ ይጋብዘንና ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያጫውተን ያመሻል። ጥሩወርቅ ማታ ማታ በር ላይ ቆማ ፊታችንን ታይና ሳትጠይቅ ወደ ክፍሏ ትመለስ ነበር። ዘር ቆጣሪ ካልተገኘ ነገሩ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሽኩና ቫቭ ውስጥ አንድ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አባባ ተረፈ የሚባሉ ሽማግሌ የዳንኤልን አያት ስም ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ብረት ቀጥቃጩ? ያ አንድ እግሩን የሚያነክሰው? ማረሻችንን ሁሉ የሠራልን እሱ አይደለም እንዴ! የልጁ ልጅ ተርፎ ኖሯል?» አሉና፣ በጣታቸው እያጠፉ ወደ ላይ ይቆጥሩ ጀመር። አባዬም የእኛን ወገን በሌላ በኩል እየቆጠረ ሰባተኛው ድረስ ወጡ፤ ዘራችን የትም አልተገናኘም። አባዬ ትንፋሹን ሲለቀው ሰማሁት። ከዚያ ተነሥቶ ቆመና፣ «እንግዲህ የልጁን አባት ሆነው፣ ሰው ጨምረው፣ ደጄ ድረስ ይምጡልኝ» ብሎ ለመናቸው።

አባባ ተረፈ በደከመው ዓይናቸው ፈልገው አዩት። «ጉድ ነው ልጄ። ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ ወገን ነው። የልጅቷ አባት ለገዛ ቤቱ ሽማግሌ ሲልክ ሰምቼም አላውቅ።»

«እኔም ሰምቼ አላውቅም» አለ አባዬ፤ «ግን በር ላይ ብቻውን የቆመ ሰው አይቻለሁ።»

ከፋሲካ በኋላ፣ ነፋሱ ለብ ሲል፣ አባባ ተረፈ ሁለት አዛውንት አስከትለው አራት ፎቅ በከዘራ ወጥተው መጡ። «ተቀመጡ» ሲባሉ፣ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» አሉ። አባዬ ራሱ ለምኖ ያመጣቸውን ሰዎች በዓይኑ እንኳ እንደማያውቃቸው ሆኖ፣ ጢሙን እየደባበሰ፣ «ነገሩ ከባድ ነው፤ ዘመድ ላማክርና ተመለሱ» አላቸው። እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ «ራሱ ጠርቶ ራሱ ይግደረደራል!» እያለች ትንፋሿ እስኪቆም ሳቀች። ሽማግሌዎቹም ምንም ሳይከፉ አራቱን ፎቅ ወርደው፣ በሳምንቱ ተመልሰው ወጡት። ወግ ወግ ነው፤ ዳንኤል እንደ ማንኛውም የሰው ልጅ ደጅ ተጠንቶለት እንዲያገባ አባዬ ፈልጎ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ አባዬ፣ «እሺ» ካለ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። «ልጁስ የት ነው?» አለ አባዬ። «ታች ነው» አሉት። «አምጡት።» ዳንኤል ሲገባ ባርኔጣ አልነበረውም፤ በቀኝና በግራው ግን ሽማግሌ ነበር፣ ከኋላው ደግሞ የሲኒማ ቤቷ ሥራ አስኪያጅ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኞቹና ወሬ የሰማ ጎረቤት ሁሉ ደረጃውን ሞልተውት ነበር። አባዬ እንደዚያን ቀኑ በትከሻው አሻግሮ ወደ ታች ተመለከተ፤ ረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያ አቅፎ ሳመው።

ዛሬ ያች ሲኒማ ቤት ፍራሽ መሸጫ ሆናለች። ፊልም በጥቅልል ማጫወት ሲቀር ዳንኤል የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ አማርኛው ከእኔ የተሻለ ሆኖ፣ የሚልከው ሰው ያጣ ወጣት ባለ ቁጥር ከሽማግሌ ጋር ተጠርቶ የሚሄድ ሰው ሆኗል። አባዬ ጡረታ ወጥቷል። አንዳንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ እነጥሩወርቅ ቤት እንሰበሰብና፣ ዳንኤል በትልቁ ቴሌቪዥን ያን ፊልም ይከፍትለታል።

ያ የእርጥብ አቧራ ሽታ መንገድ ላይ ያቆመኝ ዕለት፣ ቤቴ ገብቼ ፊልሙን ለብቻዬ አየሁት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜም ከመጀመሪያው አየሁት። ሲጀምር ያ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። አባቱ አለ፤ ወንድሞቹ አሉ፤ አንድ ቀይ ፊት ያለው አጎትም አለ። አባቱ፣ «አብሬህ ልሂድና ልጠይቅልህ» ይለዋል። እሱ ነው እየሳቀ እምቢ የሚለው። ስክሪኑን አቁሜ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። እኛ ደጅ ሆነን ወንበር እስኪተርፍ ስንጠብቅ፣ አባዬም ወለል ሲወለውል፣ ይህ ሁሉ ዘመድ በየቀኑ እዚያ ውስጥ ተሰብስቦ ይበላ ይጠጣ ኖሯል። ከላይ፣ ከዚያች መስኮት ጀርባ፣ ይህን በየቀኑ ሲያጫውት የነበረው ደግሞ ዳንኤል ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። አባዬ መነጽሩን እየፈለገ ሳለ፣ ዳንኤል ሪሞቱን አንሥቶ፣ ጠረጴዛውንና አባትየውን፣ ወንድማማቾቹንና አጎትየውን በአውራ ጣቱ እያሳለፈ፣ ሜዳውና ዝናቡ ጋ ሲደርስ አቆመ። ለካ ይህን ያህል ዓመት፣ አባዬ ያን ዘመድ ሁሉ እንዳያይ፣ ሁሌም እንዲህ ያደርግ ኖሯል። ቀና ሲል ዓይናችን ተገጣጠመ፤ እሱም ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ያኔ መጀመሪያውን የምናጣው ወንበር ስላልነበረን ነበር፤ አሁን ወንበሩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ እንግሊዝኛውም አለኝ። ሰውዬው በሩን አንኳኳ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ በሩም ተዘጋበት። አባዬ በእጅጌው ዓይኑን ጠርጎ፣ «አይ ምስኪን፣ አንድ እንኳ የሚልከው ሰው ይጣ?» አለ።

ዳንኤል ጫማውን ያይ ነበር።

«አዎ አባዬ» አልኩት፤ «አንድም ሰው አልነበረውም።»